ጭላሎን ያላየ ትንበያ፦ የአርሲ ደጋ ዝናብ ጠባቂዎች አጭር ታሪክ

በአሰላ ከተማ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ የቤተ ሰብና የከብት ደኅንነት ከተጠያየቁ በኋላ ቀጥለው የሚያወሩት ስለ ሰማይ ነው። ጭላሎ በጧት ጉም ለብሶ እንደ ሆነ፣ ነፋሱ ከዝዋይ በኩል እንደሚነፍስ ወይም ከባሌ በኩል፣ የትናንቱ በረዶ ሣጉሬን መትቶ ኢተያን እንደ ማረ ሳይነጋገሩ አይለያዩም። ይህ ጨዋታ ለእንግዳ ሰው የጊዜ ማሳለፊያ ይመስለው ይሆናል። ስንዴና ገብስ ዘርቶ ለሚኖረው ሕዝብ ግን የዓመት ቀለብ ጉዳይ ነው።

እኛም የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች የሆንን ጥቂት ጓደኛሞች በዕረፍት ሰዓት ከቤተ መጻሕፍቱ በስተ ጀርባ እየተሰበሰብን ስለ ዝናብና ስለ ነፋስ መከራከር ከጀመርን ሁለት ዓመት ሆነን። ጎኑ ቀጥ ያለ ባዶ ጣሳ ፈልገን የዝናብ መለኪያ አደረግነው፤ በየጧቱ 3 ሰዓት ላይ በማስመሪያ እየለካን በደብተር መዝግበናል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውኃ መውረዱ እንደ ሆነ ከዚያ ቀደም በመጽሐፍ እናውቅ ነበር፤ በጣሳው ስናየው ግን ነገሩ ይበልጥ ገባን። ከጥቂት ጊዜ በኋላም ራሳችንን እንደ ዐዋቂ መቊጠር ጀመርን።

ስሕተታችን የመጣው ከዚህ ላይ ነው። አምና በኅዳር ወር ከትምህርት ቤታችን አጠገብ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ገብሳቸውን አጭደው፣ ነዶውን አውድማ ላይ አስጥተው ነበር። እኛም ለአሥር ቀን የወጣውን የአየር ትንበያ አንብበን «አባባ፣ አይቸኩሉ፤ አሥሩን ቀን በአብዛኛው ደረቅ ነው ተብሏል» አልናቸው። እሳቸውም የተማሩ ልጆችን ቃል አክብረው ነዶውን ሳይከምሩ አደሩ። በማግሥቱ ከቀትር በኋላ ደመናው ከተራራው ላይ ተንከባሎ ወረደ፤ በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ አንድ ሰዓት ያህል ዘነበ። ከነዶው ገሚሱ በቀለ፤ ገሚሱም ጠቊሮ ለዘር የማይሆን ሆነ። ይቅርታ ልንጠይቃቸው በሄድን ጊዜ አልተቈጡንም። «ልጆቼ፣ ያነበባችሁት ወረቀት አልዋሸም ይሆናል፤ ነገር ግን ወረቀቱም እናንተም ጭላሎን አላያችሁትም» ብቻ አሉን።

ይህ ቃል ከልባችን ስላልወጣ፣ በዚህ አገር ዝናብን ሲጠብቁ የኖሩ ሰዎች ምን ያውቁ እንደ ነበረ፣ ምንስ እንደ ጐደላቸው ለመመርመር ተነሣን። ለትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ መጽሔት ይህን ጽሑፍ ያቀረብነውም ስለዚህ ነው።

አስቀድሞ ስለ አገሩ አቀማመጥ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። በስተ ምሥራቋ 4,000 ሜትር ያህል የሚደርሰው የጭላሎ ተራራ ቆሟል፤ በስተ ምዕራቧ ደግሞ ምድሩ ወደ ስምጥ ሸለቆ እየወረደ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው የዝዋይ ሐይቅ ሜዳ ይደርሳል። በመኪና ከሁለት ሰዓት በማይበልጥ መንገድ ውስጥ ብርድና ሙቀት፣ ጭቃና አቧራ የሚፈራረቁበት ምክንያት ይኸው ነው። እርጥበት የተሸከመ ነፋስ ከተራራው ጋር ሲገናኝ ወደ ላይ ለመውጣት ይገደዳል፤ ሲወጣም ደመና እስኪሆን ድረስ በየ100 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘ አየር የተሸከመውን እርጥበት ሁሉ መያዝ ስለማይችል ውኃው ጤዛ ሆኖ ይጠራቀማል፤ ደመናም ዝናብም የሚሆነው በዚህ ዓይነት ነው። እንግዲህ ለሰፊ አገር የወጣ ትንበያ «በአብዛኛው ደረቅ» ቢል እውነቱን ነው፤ ተራራው ግን ለብቻው አንድ ከሰዓት በኋላ ማዝነብ ይችላል። አዛውንቱ «ጭላሎን አላያችሁትም» ሲሉ የተናገሩት በእኛ መጽሐፍ ብዙ ገጽ የሚፈጀውን ትምህርት ነበር።

የአገራችን ሰው መለኪያ ሳይኖረው ዘመንን የሚያውቅበት መንገድ ነበረው። በቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ክረምት ሰኔ 26 ቀን ይገባል፤ መስከረም 25 ቀን ይወጣል። ሊቃውንቱ በባሕረ ሐሳብ በዓላትንና አጽዋማትን ይቀምራሉ። የአርሲ ኦሮሞም በልግን አርፋሳ፣ ክረምትን ገና፣ መፀውን ብራ፣ በጋን ቦና ብሎ በአራት ይከፍላል። ዝናብ በዘገየ ጊዜም ሁሉም እንደ ሥርዐቱ ወደ ፈጣሪው ይጮኻል፤ ክርስቲያኑ ምሕላ ይይዛል፤ እስላሙ ለዝናብ ሶላት ሜዳ ይወጣል፤ የአርሲ እናቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በአቴቴ ሥርዐት ይለምናሉ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን እኛ በልጅነታችን ይህን ሁሉ ለየብቻው እንዳለ ነገር እናየው ነበር፤ አሁን ግን አንድ ነገር አስተዋልን። ሦስቱም ጉባኤዎች ሰውን በአንድነት ያወጡታል፤ ማን ዘር እንዳለቀበት፣ የማን ከብት እንደ ከሳ የሚታወቀው በዚያ ቀን ነው።

የአባቶች ምልክት ሁሉ ግን እኩል አይደለም። «ሰኔና ሰኞ» የሚባለውን አባባል የማያውቅ የለም፤ ሰኔ 1 ቀን ሰኞ የዋለ እንደ ሆነ ዘመኑ ይከፋል ይባላል። እኛም ይህን ለመመርመር የቀን መቊጠሪያውን ወደ ኋላ ቈጠርን። ሰኔ 1 ቀን በ1979 ዓ.ም. ሰኞ ነበረ፤ በዚያ ዓመት ክረምቱ ጐደለ። በ2007 ዓ.ም.ም እንዲሁ ሰኞ ነበረ፤ ያ ዓመትም የብርቱ ድርቅ ዓመት ሆነ። እስከዚህ ድረስ ስንቈጥር ከመካከላችን አንዱ «ይኸው፣ አባቶች አልተሳሳቱም!» ብሎ ተነሣ። ነገር ግን ቈጠራውን ቀጠልን። ወሎን የፈጀው ድርቅ በነበረበት በ1965 ዓ.ም. ሰኔ 1 ቀን ዓርብ ነበረ። ለ1977ቱ ታላቅ ረኃብ ምክንያት የሆነው ዝናብ በጠፋበት በ1976 ዓ.ም.ም ዓርብ ነበረ። በአንጻሩ በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ሰኞ ገብቶ ሳለ ዝናቡ ከመጠን አልፎ አዋሽ ሞልቶ የአፋርን ሜዳ አጥለቀለቀ። ከዚህ የተማርነው፣ ሰው የተሳካውን ምልክት ሲያስታውስ ያልተሳካውን እንደሚረሳ ነው። መዝገብ የሚያስፈልገውም የሚረሳውን ለማስታወስ ነው።

በመሣሪያ የመለካትና የመመዝገብ ሥራ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በፈረንጆች 19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ላይ በሚሲዮናውያን አማካይነት ነው። ከመጀመሪያዎቹ ጣቢያዎች መካከል ስሙ የሚጠራው አዳሚ ቱሉ የሚገኘው ከእኛ ደጋ ግርጌ፣ ከዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ነው። ከዚያ በኋላ በ1940ዎቹ ዓ.ም. የአየር ጠባይ ክፍል በሲቪል አቪዬሽን ሥር ተቋቋመ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ አውሮፕላን ነጂ ደመናውንና ነፋሱን ሳያውቅ መነሣት አይችልም። ይህ መልካም ሥራ እንደ ነበረ አይካድም። ሆኖም ነገሩን ስናስበው የሰማዩ ወሬ አስቀድሞ የደረሰው ከሰማይ በላይ ለሚሄደው እንጂ ከሰማይ በታች ለሚያርሰው አልነበረም። ራሱን የቻለ ብሔራዊ የሚቲዎሮሎጂ አገልግሎት በዐዋጅ የተቋቋመው በ1973 ዓ.ም. ነው። ዛሬ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚባለው ይኸው መሥሪያ ቤት ነው።

በአርሲ ግን መለኪያው ወደ ገበሬው የቀረበበት ሌላ መንገድ ነበረ። ከአሰላ በስተ ሰሜን፣ ወደ ኢተያ በሚወስደው መንገድ ላይ ቁሉምሳ የሚባል የእርሻ ምርምር ጣቢያ አለ። በ1960 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ካዱ፣ ዋና ጽሕፈት ቤቱን አሰላ ላይ አድርጎ ሥራ ጀመረ። በቁሉምሳ የስንዴ ዘር ሲፈተን ዝናቡና ሙቀቱ አብሮ ይመዘገብ ነበር፤ አንድ ዘር በአንድ ዓመት ያፈራው ዘሩ መልካም ስለ ሆነ ነው ወይስ ዝናቡ ስለ ተስማማው ብሎ ለመለየት ሌላ መንገድ የለምና። በቁሉምሳ በዓመት ከ800 ሚሊ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ዝናብ እንደሚወርድ የታወቀው በእንዲህ ያለ የዕለት ተዕለት መዝገብ ነው። ድርጅቱ ለአነስተኛ ገበሬዎችና ለጢሰኞች ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ሰጠ፤ የብዙዎችም ምርት አደገ።

ነገር ግን የታሪኩ ሌላ ገጽታ መሸሸግ የለበትም። የስንዴ እርሻ ትርፍ እንደሚያስገኝ በታየ ጊዜ ብዙ ባለ ርስቶች በትራክተር ማረስ ጀመሩ፤ ትራክተሩ በገባበት ቦታም ጢሰኛው እንዲለቅ ተደረገ። በጭላሎ አውራጃ በሺሕ የሚቈጠሩ ጢሰኞች ከሚያርሱት መሬት ተነቀሉ። ድኻውን ለመርዳት የመጣ ዕውቀት ድኻውን ከመሬቱ አስወጣ ማለት ነው። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት የሆነው ከዚህ በኋላ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ነው። እኛ በዘመኑ ያልነበርን ልጆች ፈራጅ ሆነን ለመቅረብ አይደለም፤ ነገር ግን የመልካም ዘርና የዝናብ ዕውቀት ጥቅም የሚለካው በማን እጅ እንደ ወደቀ ታይቶ እንደ ሆነ ከዚህ መማር ይቻላል።

ከዚህ ቀጥሎ የዝናብ ጠባቂዎችን ሥራ የፈተኑ ሁለት ዓመታት መጡ። በ1976 ዓ.ም. ዝናቡ በሰሜን ኢትዮጵያ በጠፋ ጊዜ ምልክቱ ያልታየ አልነበረም። ገበሬው አይቶታል፤ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽንም በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ለዓለም የእርዳታ ጥሪ አሰምቷል። ሰሚ ግን አልተገኘም። በአገር ውስጥም በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በዓል በታላቅ ድግስ ተከበረ። ዓለም የደነገጠው በጥቅምት ወር የረኃብተኞቹ ምስል በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነው። በጥሪውና በድንጋጤው መካከል ሰባት ወር አለፈ። ሰባት ወር ማለት ገብስ ተዘርቶ፣ ታጭዶ፣ ተወቅቶ ጎተራ የሚገባበት ጊዜ ነው።

በ1979 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። በዓለም ማዶ በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ የውኃው ገጽ ከልማዱ ይልቅ በሚሞቅበት ጊዜ የኢትዮጵያ ክረምት አብዛኛውን ጊዜ እንደሚያንስ ዐዋቂዎች ደርሰውበት ነበር፤ ይህም ኤል ኒኞ ይባላል። የሚቲዎሮሎጂው አገልግሎት ይህን ተመልክቶ ክረምቱ ሊጐድል እንደሚችል ለመንግሥት አስቀድሞ አስታወቀ፤ መንግሥትም ለዝግጅት ጊዜ አገኘ። ዝናቡ በእርግጥ ጐደለ፤ ሆኖም ወሬው ከረኃቡ ቀድሞ ደርሶ ነበር። በ2007ቱ ኤል ኒኞ ጊዜም ድርቁ ከአርሲ ቈላ ወረዳዎች ጭምር ደርሶ፣ በአገሪቱ የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው ቊጥር 10.2 ሚሊዮን መሆኑ ተገልጧል። ቊጥሩ ከባድ ነው፤ ሆኖም የ1977ቱን ያህል እልቂት አልደረሰም። ልዩነቱን ያመጣው ዝናቡ አይደለም፤ ወሬውና እርዳታው በጊዜ መድረሱ ነው።

የእኛን ደጋ በተለይ የሚነካ አንድ ታሪክ ጨምረን እንናገር። የስንዴ ጠላት የሆነው ዋግ ዱቄት በመሰለ ዘሩ ከአገር ወደ አገር በነፋስ ይጓዛል፤ ቅጠሉ ርጥብ ሆኖ ሲያድር ይበቅላል። ስለዚህ ዝናብ መብዛቱም እንደ መጥፋቱ ሊያሠጋ ይችላል። በ2002 ዓ.ም. ክረምትና በ2003 ዓ.ም. መግቢያ ላይ እርጥብና ቀዝቃዛ አየር ስለ ቈየ ቢጫ ዋግ በአገሩ ተነሣ፤ ገበሬው በብዛት ይዘራቸው የነበሩትን ኩብሳና ገለማ የተባሉትን ስንዴዎች መታ። ከዚያ በኋላ ቢጫ ዋግን የሚቋቋመው ዲገሉ የተባለው ስንዴ ተስፋፋ፤ ስሙም የእኛው አገር ስም ነው። ብዙ ገበሬም በዚያ ብቻ ተማመነ። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ግን ሌላ ዓይነት ዋግ፣ የግንድ ዋግ፣ በባሌና በአርሲ ላይ ወርዶ ዲገሉን አጠፋው።

ከዚህ መከራ በኋላ የኢትዮጵያ የእርሻ ተመራማሪዎች ከውጭ አገር የሳይንስ ሰዎች ጋር ሆነው አዲስ ዘዴ አበጁ። የነፋሱ አቅጣጫና የእርጥበቱ መጠን በየዕለቱ ይሰላል፤ ዋግ በየትኛው እርሻ ላይ እንደ ታየ ከመስክ ይነገራል፤ ሁለቱ ተገናዝበው ዋጉ በሚቀጥሉት ቀኖች ወዴት ሊሄድ እንደሚችል ይተነበያል፤ ማስጠንቀቂያውም ለእርሻ ሠራተኞች በስልክ ጭምር ይተላለፋል። በዚህ ሥራ ውስጥ ያስደነቀን አንድ ነገር አለ። ከውቅያኖስ ማዶ ያለው ታላቅ የስሌት መኪና አንድ የአርሲ ልጅ እርሻ ውስጥ ገብቶ ቅጠል ገልብጦ ካላየለት ሥራውን ሊፈጽም አይችልም። አዛውንቱ «ጭላሎን አላያችሁትም» ያሉት ነገር እዚህም ተመልሶ መጣ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ምን አገኘን? ዝናብን የሚጠብቅ ሰው ሦስት ነገር ያስፈልገዋል፦ አገሩን የሚያውቅ ዐይን፣ የማይረሳ መዝገብ፣ በጊዜ የሚደርስ ቃል። ከሦስቱ አንዱ የጐደለ እንደ ሆነ የቀሩት ሁለቱ ብዙ አይጠቅሙም። በ1976 ዓ.ም. ዐይኑ ነበረ፤ ቃሉ ግን አልተሰማም። በሰኔና ሰኞ ቃሉ አለ፤ መዝገቡ ግን የለም። በእኛ ስሕተት ጊዜ መዝገቡም ቃሉም ነበሩ፤ ዐይኑ ግን አልነበረም።

አራተኛም ነገር አለ፤ እርሱን ያስተማረን ግን መጽሐፍ አይደለም። ትንበያ «ከአሥሩ ሰባት እጅ ደረቅ ይሆናል» ቢል፣ ሦስት እጅ ደግሞ ሊዘንብ ይችላል ማለት ነው። ጎተራው የሞላ ሰው ሦስቱን እጅ ሊደፍር ይችላል፤ አንድ ጊዜ ቢሳሳት ይበላው አያጣም። አንድ አውድማ ገብስ ብቻ ያለው ሰው ግን አንድ ጊዜ ከተሳሳተ ዓመቱን ሙሉ ይራባል። ስለዚህ አንዱ ትንበያ ለሁሉ አንድ አይደለም። እኛ ለአዛውንቱ ሰባቱን ነግረን ሦስቱን ዋጥንባቸው፤ የመረጥንላቸውም እኛ ነበርን፤ ከሳራ የደረሰባቸው ግን እሳቸው ናቸው። ወሬ አቅራቢ ሆኖ የሚሠራ ሰው የሚያውቀውን ብቻ ሳይሆን የሚጠራጠረውንም መናገር አለበት፤ ምርጫውን ግን ጉዳቱ ለሚደርስበት ሰው መተው ይገባዋል።

በዚህ ዓመት ከክፍላችን ደጃፍ ላይ ጥቊር ሰሌዳ ሰቅለናል። በየጧቱ ሦስት መሥመር እንጽፍበታለን፦ በመጀመሪያው መሥመር የወጣውን ትንበያ ከነጥርጣሬው፣ በሁለተኛው ከጣሳችን የለካነውን፣ በሦስተኛው ጭላሎ በጧት የሚታየውን መልክ። ሦስተኛውን መሥመር የሚነግሩን ብዙ ጊዜ አዛውንቱ ናቸው። ዘንድሮ ገብሳቸውን ሲያጭዱ በሰሌዳው አጠገብ ቆመው «ከአሥሩ ስንቱ?» ብለው ጠየቁን። «ስምንቱ ደረቅ፣ ሁለቱ ዝናብ» አልናቸው። ወደ ተራራው አሻግረው ተመለከቱ፤ ከዚያም ልጆቻቸውን ጠርተው ነዶውን አስከመሩ። በማግሥቱ አልዘነበም። እሳቸውም «ለሁለቱ ነው የከመርኩት» ብለውን ሄዱ።

ሰኔ ሲገባ እኛ ትምህርት ቤቱን እንለቃለን፤ ጣሳውና ደብተሩ ግን ከዚሁ ይቀራሉ። ታናናሾቻችን ሆይ፣ በየጧቱ 3 ሰዓት ላይ መለካታችሁን አትርሱ። ባልዘነበበት ቀንም ባዶ ብላችሁ ጻፉ፤ ያልተጻፈ ቀንና ያልዘነበበት ቀን ለኋላ አንባቢ ተመሳሳይ ሆነው እንዳይቀሩ። ወላጆቻችንና መምህራን ሆይ፣ ዝናብ ሲመጣ ወይም ሲዘገይ ያያችሁትን ንገሯቸው፤ እነርሱም ይጽፉታል።